ዐይን ይቀድማል

የባሕር ዛፍ ርብራብ ከእግሬ ሥር ሲከዳ፣
ከሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ቱሉ ዲምቱ ሜዳ፣
የአሸዋ ክምር ነፍሴን ተቀብሎ አዳናት፤
አንገቴን ግን ለፕላስቲክ አሳልፎ ሰጣት።

ሐኪሙ «አይዙር» አለኝ፤ ሰፈሩ «አይዞህ» አለኝ፤
ስድስት ሳምንት ሁለቱን ደርቤ ለበስኩኝ።
ልስቅ ብዬ ነበር፤
ለካ ሳቅም በአንገት ኖሯል።

ከአበዛሽ ሱቅ ደጃፍ የቢራ ሣጥን ደፍቼ፣
የመንገደኛ አንገት እቆጥራለሁ፣ የራሴን ረስቼ።

ዐይን ይቀድማል፤ ሁልጊዜ።
ባጃጅ ጮኸ እንበል፦ ሽንኩርት የምትመርጠው ሴትዮ
ዐይኗ ደርሶ፣ አይቶ ጨርሷል፤ ራሷ ገና መንገድ ላይ ነው፤
ትከሻዋ ከዚያም ወዲያ፣ ለደቦ እንደተጠራ ሰነፍ፣ እያዛጋ።
ራስ ሲደርስ ዐይን ቀስ ብሎ ወደ መሐሉ ይመለሳል፣
ያየውን ሳይለቅ፣
ለጓደኛው ወንበር ይዞ እንደሚጠብቅ ተሳፋሪ።

አርባ ሦስት ዓመት ይኼ ሁሉ በእኔም ላይ ሲሠራ
አንድ ቀን «ደከመኝ» ብሎኝ አያውቅም።

በዳቱ ብቻ ናት እኔን የምትመስል፦
ጀሪካኑ ከጀርባዋ፣ ገመዱ ከደረቷ፣
አንገቷ ወደ መሬት፤
ዐይኗን ብቻ ከቅንድቧ ሥር ትልካለች፣
ሲኖትራክ መኖር አለመኖሩን ጠይቆ እንዲመጣ።

አቶ ሽብሩ ትናንት ሰላም ብለውኝ አለፉ በግራ፤
ዐይኔ ሄዶ እጅ ነሣቸው፣ ፊቴ ግን አልሠራ።
አንገት ደፊ ስባል ኖሬ፣ ማታውኑ ወሬው ተወራ፦
«ግንበኛው ኮራ!»

ዛሬ መንገዱን ልሻገር ወጣሁ።
መላ አካሌን እንደ በር አዞርኩት፤
ግራውን ስከፍት ቀኙ ተዘጋ፣
ቀኙን ስከፍት ከአቃቂ በኩል ሚኒባስ አገሣ።
ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ።

የተማሪ ልጅ ናት፣ ሲፈን ትባላለች፣
ሳልጠራት መጥታ ጣቴን ጨበጠች።
«እኔ ልይልዎት?»

ዐይኗ ግራ፣ ራሷ ግራ፤
ዐይኗ ቀኝ፣ ራሷ ቀኝ፤
የሹሩባዋ ዶቃ ከሁሉም ዘግይቶ
ጆሮዋን መታ፣ ቀጭ።
«አሁን!» አለች።

ተሻገርኩ፣ ፊት ለፊት ብቻ እያየሁ፣
በሰው አንገት ዞሬ።

ከዚያ ማዶ ጣቴን ለቃ ሮጠች፤
ብዙም ሳትርቅ ከኋላዬ «ቻው ጋሼ!» አለች።
ዐይኔ ሄደ፣ የቻለውን ያህል፣ እስከ ጥጉ፤
ከጥጉ ወዲያ ቤት የለውም።
እጄን ወደ ኋላ አነሣሁላት።
አይታው እንደሆን
አላየሁም።