ካውያ የሚያነሳው አልጋ

ክፍላችን አንዲት ናት፤ ትብሊሲ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣
በመስኮቷ ኩራ ወንዝ፣ በጣሪያዋ ሰማይ።
ቀን ቀሚስ ልቆርጥባት የኔ ትሆናለች፣
ማታ «መኝታ ቤት ነኝ» ብላ ትመጣለች።
አልጋችን ግን ያው ነው፤ ቀንም አይነሳ፣
እንደ ሰከረ እንግዳ መሄዱን የረሳ።
ሙሽራይቱ መጥታ ለልኬት ከነአክስቷ
ትራሴ ላይ ያርፋል ባርኔጣና ኮቷ።
ሌሊት ስንገላበጥ መርፌ ይወጋናል፣
ኑግዛርም «ሰፋሽኝ ከፍራሹ ጋር» ይላል።

ባሌ ሠላሳ ዓመት አሳንሰር ሲጠግን፣
ሳንቲም ካልጎረሰ አልወጣም የሚልን፣
«የሚወጣ ካለ የሚወርድ አለ» ይላል፤
ሌላ እምነት የለውም፣ ቄሱ ይታዘቡታል።
አንድ የመጋቢት ማታ ግድግዳውን አየ፣
በጣቱ አንኳኳና ጡብ መሆኑን ለየ።
«ይህ አልጋ» አለኝ «ፂዩሪ፣ ቀን ቀን ይቆማል፣
ማታ ስንጠራው ደግሞ እንደ ድልድይ ይወርዳል።»
«ተኝተንበት ሳለ መቆም ቢያምረውስ?» አልኩ፤
አልሳቀም። እኔም ዳግም አልጠየቅኩ።

እንጨት ከየት ይምጣ? ካኬቲ መንደር
የአባቴ የወይን ጓዳ አሮጌ በር ነበር፣
የዋልነት ሳንቃ፣ ጠርዙን ብል የበላው፤
ከድንች ጋር ጭኖ ወንድሜ ቫዣ አመጣው።
«ኮምፔንሳቶ ይበቃል፤ ማን ያየዋል?» ቢል፣
«እኔ!» አልኩት «ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ስውል።
ገበር ቢያምር ምን ዋጋ አለው ፊቱ ካስጠላ?
ልብስ ሰፊ አግብተህ አትሁን ተላላ።»

ማጠፊያ ስምንት ገዛ፣ ብሎን በኪሎ አስመዘነ፣
ከተጣለ አሳንሰር ሁለት መዘውር ለመነ።
ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰጋቱራ በላን፣
ሾርባውም ሰጋቱራ፤ ከታች ማክቫላ
ጣሪያዋን በመጥረጊያ እየነረተች ሰደበችን።
ሳንቃው ግን በሰም ሲታሽ
እንደ ሰው ፊት ቀላ፣ ደም እንደዞረበት፤
የዱሮ ወይን ጠብታ ብቅ ብቅ አለበት።

የሙከራው ሌሊት ገመዱን ለቀቀ፤
አልጋው ተምዘግዝጎ ፎቁን አስጨነቀ።
ማክቫላ በሌሊት ልብስ ደረጃው ላይ ቆመች፣
«ምድር ተናወጠች!» ብላ አማተበች።
ቀለለ ማለት ነው ከኋላ የሰቀለው፤
እርሳስ እንዳይገዛ ኪሱ ባዶ ነው።
ዝም ብዬ ሄድኩና ከቁም ሳጥኑ ሥር
ያወጣሁት የእናቴን የከሰል ካውያ ነበር።
ስድስት ናቸው። እናቴ በነሱ ስትተኩስ ኖራ
ቀኝ ትከሻዋ ወርዶ ነበር ከግራ።
መጣል አልቻልኩም ነበር፣ መጠቀምም እንዲሁ፤
አቧራ እያበስኩላቸው ሃያ ዓመት ቆየሁ።

አራት ሰቀለ፤ አልጋው ትንሽ አመነታ።
አምስት፤ ወረደ በቀስታ።
ስድስተኛው ሲታከል፣ በትንሿ ጣቴ
አልጋው ሽቅብ ሄደ፣ ቁልቁል ካውያሽ፣ እናቴ!

ትናንት ለልኬት መጥታ አንዲት ደንበኛዬ
ሳንቃውን ዳሰሰችው። «እንዴት ያምራል፣ እህቴ!
ምን ታስቀምጪበታለሽ?» አለችኝ።
«ባሌን» አልኩ፣ አፌ ላይ ስፒል እንደያዝኩ፤
ወገቧን ለመለካት ሳቋ እስኪያልፍ ጠበቅኩ።

ማታ ማታ ሲያወርደው «ሳንቲም አጉርሺ» ይላል፤
እኔም አዝራር እሰጠዋለሁ፣ ያንን ይቀበላል።

አንድ ነገር ብቻ። ሥራው ያለቀ ዕለት
ዕቃውን ሲሰበስብ፣ ወለሉን ሲጠርግለት፣
አንድ ብሎን ተረፈ።
አገላብጦ አየውና ኪሱ ውስጥ ደበቀው።
ያላየሁ መስሎታል፤ ሱሪውን የማጥበው
እኔ ነኝ።
ሌሊት ከጎኔ ሆኖ ጣሪያው ላይ ያፈጣል፤
«ተኛ እንጂ» ስለው፣
«ተኝቻለሁ» ይለኛል።