ስንት ስንዝር ገባ

ከጎንደር ቁልቁል ስትወርድ፣ እንፍራዝ ከመንገዱ በላይ፣
ዘጠኝ ረድፍ ወይን አለኝ፣ ጣናን ከሩቅ የሚያይ።
ከግንብ የተረፈ ፌሮ፣ ልጄ በኩቴክስ ቀለመችው፤
በየስንዝሩ ቀይ መስመር፣ እንደ ጣት ጥፍር ቀባችው።
ይኸ ነው የእኔ ሚዛን፤ ሌላ መሣሪያ የለኝ፤
መሬት ስንት እንደጠጣች፣ ለብረቱ ነግራ ትንገረኝ።

በነሐሴ ማለቂያ፣ ይርገዱ ጓያ በተነች፤
በረድፉና በረድፉ መሐል፣ ራቁቱን አፈር ሸፈነች።
አያ ጓንጉል ካጥሩ ማዶ፣ ዶማውን ተደግፎ ሳቀ፦
«ወይንና ጓያ በአንድ ገበታ? እንግዲህ ያንተ ነገር አለቀ!
የኔን እይ፣ የተላጨ ራስ፤ አንዲት አረም አታገኝበት፤
ያንተን ሁለት አፍ ሲጠጣው፣ ምን ውሃ ሊተርፍበት?»

እኔም በልቤ ከሱ ነበርኩ፤ ለይርገዱ ግን አልነገርኳት፤
አንድ ሌሊት ዶፍ ሲወርድ፣ ባትሪ ይዤ መሬቷን አየኋት።
የጓንጉል ውሃ አፈር አዝሎ፣ ቁልቁል ወደ ጣና ሮጠ፤
የኛው በጓያው ሐረግ ተይዞ፣ እንደ እንግዳ ተቀመጠ፤
ቆይቶም ወደ ውስጥ ሰመጠ።

ኅዳር መጣ፤ ሰማዩ ጠራ፤ ጓያው ሰማያዊ አበባ ፈነጠቀ።
ፌሮውን ጓንጉል ማሳ ሰካሁት፤ አራት ስንዝር ሙሉ ዘለቀ፤
ከኛ ሥር ሁለት ላይ ደርሶ፣ ጥርሱን ነክሶ ተጣበቀ።
ጠጥቶታል! ያ ጨዋ መሳይ፣ ያ ባለ ሰማያዊ ቀሚስ፣
ማንም ሳያየው ጋኑን ጠጣው፣ ከአፉ እስከ ወገቡ ድረስ።

ይርገዱ አፈሩን ጨበጠች፤ እፍኟ ውስጥ ፈረፈረችው፤
አልተከራከረችኝም። ማጭዷን በሞረድ ሳለችው።
ሰባቱን መሐል አጨደች፤ ሥሩን ግን አልነቀለችውም፤
ያጨደችውን እዚያው አነጠፈች፤ ለላሟ እንኳ አልሰጠችውም።
ላሟ ስትጮህ ዋለች።

ስምንተኛውን እኔ አስቀረሁት፤ «ልጆች እሸት ይወዳሉ»፤
የሚወደው ግን እኔው ነኝ፤ ልጆቹ ለሰበብ ይሆናሉ።

መጋቢት ገባ። የጓንጉል መሬት፣ እጅ የሚውጥ ስንጥቅ አወጣ፤
ፌሮው አንድ ስንዝር ሳይሞላ፣ ነጥሮ ወደኔ መጣ።
እሸት የበላሁበት መሐል፣ ከዚያም ይብሳል፤ ምን ልዋሽ፤
ፌሮው ገባ ከተባለ፣ የስንዝር ሩብ ወይ ግማሽ።
ወደታጨደው ዞርኩና፣ ድርቆሹን በእጄ ገለጥኩት፤
ጢንዚዛ ተርበደበደ፤ ቅዝቃዜ በጣቴ አገኘሁት።
ፌሮው ሄደ፣
ሄደ፣
ሦስተኛውን ቀይ መስመር አልፎ ወረደ።

ይርገዱን ጠራኋት። አየች። «እና?» ብላ ወደ ሥራዋ።

ሲመሽ፣ ውሻው ቀድሞ፣ አያ ጓንጉል አጥሩን ተሻገረ፤
ስለ በሬው እግር አወራ፣ ስለ ስኳር ዋጋ ተናገረ፤
ጓያውን አላነሳም። ወይኑንም አላነሳ።
ሊሄድ ሲል ብቻ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ አንድ ነገር እንደ ረሳ
ሰው ቆመና፣
«ያን ፌሮህን... ለነገ ጧት ታውሰኛለህ?» አለና
እጁን ዘረጋ።

አልጠረግሁለትም። ከነጭቃው ሰጠሁት።