ጨውን ማን ይቅመስ?

ዘንድሮ ሁለት ጾም ባንድ ወር ገጠመ፤
ሁዳዴ ከረመዳን ደጃፍ ላይ ቆመ።
ጦሳ በጭጋጉ ፊቱን ተሸፋፍኖ፣
የሆጤ ቁልቁለት ጭቃው ሳሙና ሆኖ፣
ሰዲቃን አንሸራቶ አንጓዋን ሰበረው፤
ሐኪሙም በጄሶ ቀኝ እጇን አሰረው።

ባሏ ይመር ደግሞ፣ የጥንት ረዳቴ፣
ከሚሌ ደወለ፦ «አደራህን አባቴ፣
ያቺን የመንገዷን ሾርባህን ሥራላቸው፤
ልጆቹ ማግሪብ ላይ ትኩስ ይድረሳቸው።»

ሾርባ የተማርኩት ከመኪና ጥላ ሥር፣
ጎማ ፈንድቶብን ሎግያ ዳር ስናድር።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨው ነበር ጭነቴ፣
ካፍዴራ እስከ ደሴ፣ ከቆላ እስከ ቤቴ፤
ጨው በቅንድቤ ላይ፣ ጨው በመሪዬ ላይ፣
ጨው በትራሴ ላይ፣ ጨው በሕልሜም ላይ።

ድስቱ የሰዲቃ፣ ቢላውም የሷው ነው፤
አጥንቱን ከነሥጋው ሙሄ ነው የላከው፣
አረብ ገንዳ ካለው ከራሱ ሥጋ ቤት።
የራሴን ድስት ለምን ይዤ እንዳልመጣሁ
ለወሎ ሰው ማስረዳት
ድካም ነው፤ እዘለዋለሁ።

አጥንቱ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚጀምር፤
ፍል ውሃ ላይ ሥጋ ከቶ አይወረወር።
ግራጫው አረፋ ሲንተከተክ፣ ሲያሽካካ፣
እንደ ሐሜት ገፈህ ጣል፣ ሁለቴ አትንካ።
ስሜ አደፍርስ ነው፤ መረቄ ግን ጥሩ፣
እስከ ድስቱ ወለል ይታያል ዳር ዳሩ።

ቀይ ሽንኩርት ሁለት፣ ነጭ ሽንኩርት አንድ ራስ፣
ቁንዶ በርበሬ ውቅጥ፣ ጎረቤት እስኪያስነጥስ።
ድንቹ የጉጉፍቱ ነው፣ ውርጭ ያጸናው ዘር፣
ከልጣጩ ጋራ የተሟገተ አፈር፤
ገሚሱ ይፈርሳል መረቁን ሊያወፍር፣
ገሚሱ ይቆያል ማንኪያ ላይ ሊከብር።

እንፋሎቱ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሽሮ ያየ ሆዴ
«ይሄ ነገር ለኛ ነው እንዴ?»
አለኝ።
ዝም አልኩት።

ከዚያ ጨው።
እጄን ጣሳው ውስጥ ከትቼ ደርቄ ቀረሁ።
ማን ይቅመስልኝ?
እኔ እስከ ፋሲካ ሥጋ አልነካሁ፣
ሰዲቃ እስከ ማግሪብ ውሃ አትቀምስ፣
ሙስጠፋ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ምራቁን እንኳ ፈርቶ
ደጅ ይተፋል፣ በየደቂቃው፣ ወጥቶ።

ቀረች ራውዳ። ሰባት ዓመቷ፣ ጥርሶቿ የፊቱ የወለቁ።
«ነይ ቅመሽልኝ» ብዬ ማንኪያውን ሳስጠጋ፣
አፏን በሁለት መዳፏ ከድና ከኔ ሸሸች ወደ አልጋ፦
«እኔም ጾመኛ ነኝ!»
ጠዋት አጥር ጥግ ብስኩት ስትቆረጥም
ያየኋት ልጅ ናት።
አልነገርኩባትም።

«በግምት አድርገው፣ ጋሼ» አለች ሰዲቃ፣
«ጨው ስትጭን ኖረህ አሁን ምን ይጨንቅሃል?»
አይ ሰዲቃ!
መቶ ኩንታሉን በጎማው እብጠት
ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሻለሁ፤
ያንድ ድስት ቁንጥር ግን
ከየት አባቴ አውቃለሁ?
አንዴ በተንኩ። ፈራሁ። ጣሳውን ከደንኩ።

አዛኑ ሲሰማ ቴምሩ ዞረ፤
ሾርባው በየሳህኑ ተንቆረቆረ።
ሙስጠፋ እናቱን በማንኪያ አጎረሳት።
«ማሻአላህ» አለች፣ ፊቷን ወዝ አለበሳት።
ሙስጠፋም «ቆንጆ ነው» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ፣
(አስተዳደጉ ነው፣ ምላሱን ገትቶ)።

ራውዳ ግን አንዴ ጠጣች፣
ደግማ ቀመሰች፣ ወደ ጣራው አየች፣
«ጨው የለውም!»
ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ሰዲቃ
ጄሶዋን እስኪነቀንቃት ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፣
ዕድሜዬን ሙሉ ጨው ተሸክሜ
ለዚች ድስት የነፈግሁ።

ራውዳ በርጩማ ላይ ወጥታ
ጣሳውን ከመደርደሪያ አወረደች፤
ለወንድሟ ቁንጥር፣ ለእናቷ ቁንጥር፣
ለራሷ ሁለት በተነች።
መጨረሻ ወደ እኔ ዞረች፣
ከቤቴ ይዤ ወደመጣሁት ምስር፣
ሳትጠይቀኝ፣ በትናንሽ ጣቶቿ፣
ቁንጥር።

የኔም አንሶት ኖሯል።