የወይራ ማኅተም

ከጓሳው ሜዳ በታች፣ ከገደሉ ወገብ፣
ሰባት ሰው የሚይዝ፣ ለስምንት የሚጠብ፣
አንድ ዋሻ ነበረ፣ የሌሊት ወፍ ቤት፣
በሠላሳ አንድ ዓመት መንግሥት ያደረበት።

እኔ ጧፍ ያዥ ነበርኩ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ፤
ሰሙ እጄ ላይ ሲፈስ ንቅንቅ አይል ጣቴ።

በቀኝ የጌራው ሰው፣ ቀኛዝማች አስፋቸው፣
በግራ የላሎው፣ ግራዝማች ምንዳዬ፣
ባንዲት የድንበር ድንጋይ ዳኛ ያሰለቹ ናቸው።
መሐል ከይፋት ቆላ ባሻ ወልደየስ፣
አገሩ ሲነድበት ደጋውን የሚዋስ።
«ጠላት አንድ ነው፣ እኛ ሦስት» አሉ አለቃ ስነጊዮርጊስ፤
«ወይ ጥምር መንግሥት እንሁን፣ ወይ ተራ በተራ ይለቀስ።»

ማኅተሙን ከወይራ ጉማጅ ቀረጹ በገዛ እጃቸው፤
ፊደል ተገልብጦ እንደሚቀረጽ ማን ይንገራቸው!
ካዋጁ ሁሉ ግርጌ ስማችን ወደ ኋላ ይነበባል፤
ለማንበብ መስታወት፣ ወይ ጸጥ ያለ ውሃ ያስፈልጋል።

የጽሕፈት ሚኒስቴር፣ ወረቀት የሌላቸው፣
ጠላት ካውሮፕላን «እጅ ስጡ» ብሎ የበተነው
ጀርባው ንጹሕ ነበር፤ አዋጃችን እዚያው ላይ ነው የሰፈረው።

ዐሥራ አንድ ጠገራ፣ ግማሽ አሞሌ ጨው፣ ይኸው ነው ግምጃ ቤት፣
ዝናብ እንዳያሟሟው ባሻ የሚተኛበት።

የውጭ ጉዳዩ ሹም እንግዳወርቅ ነበር፣
ጣርማበር መንገድ ላይ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ከጣልያን ሲቆጥር፣
ከኡኖ እስከ ዲየቺ ነው የውጭ ቋንቋችን፤
ከዐሥር የበለጠ ጉዳይም የለን ከጎረቤታችን።

ወይዘሮ ማዘንጊያ ግን ሹመት አልጠየቀች።
ገብሱ የት እንደተቀበረ እሷ ብቻ ታውቃለች።
«ሚኒስቴር በሉኝ አላልኩ፤ ጉድጓዱን ግን አላሳይም» አለች።
መዝገብ ላይ ስሟ የለም።
ሲመሽ ግን ካቢኔው በሙሉ ዓይን ዓይኗን ያያል።

የጦር ሚኒስቴርነት ሁለት ሰው ፈለገው፤
ሦስት ሌሊት ክርክር፣ ስድስት ጧፍ አስፈጀው።
አለቃ ፈረዱ፦ «በጾም ቀን አስፋቸው፣ በፍስኩ ምንዳዬ።»
ጥር ደህና አለፈ።
ሁዳዴ ሲገባ ግን... ኀምሳ አምስት ቀን ጾም ነዋ፣ ጌታዬ!
ምንዳዬ ጠመንጃውን ከዋሻው ግድግዳ አስደግፎ፣
«በፋሲካ ጥሩኝ» አለ፣ ባናውን አጣጥፎ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣
ባንዳ የመራው ጦር ሞፈር ውሃን ተሻገረ በሌሊት።
አስፋቸው መልካው ላይ፣ ከዐሥራ አራት ሰው ጋር፣
ጥይቱ ሲነጥፍ፣ ድንጋይ ያንከባልል ጀመር።
ያኔ ከጀርባ በኩል አንድ ምንሽር ጮኸ።
ባናውን እንደተከናነበ፣ ምንዳዬ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ።
«ተራህ አይደለም!» አለው አስፋቸው፣ ንዴቱ ነድዶ።
«አውቃለሁ» አለ፤ ተኮሰ። ደግሞ ተኮሰ።
ሦስተኛውን ሲያጎርስ አንገቱ ላይ ደም ፈሰሰ።

ከዚያ ወዲያ፣ ጦርነቱ እስኪያልቅ፣ ሁለት ዓመት፣
በፍስክ ቀን ትእዛዝ ሲወጣ፣ ከማኅተሙ በላይ «ምንዳዬ» ነው የሚባልበት።
አስፋቸው ቃሉን ይናገራል፣ አለቃ ይጽፋሉ፤
ባዶውን ድንጋይ ዐልፈው፣ የቀሩት ይቀመጣሉ።

ነጻነት ሲመለስ ደብረ ብርሃን ወረድን።
ጸሐፊው ወረቀቱን ገለበጠ፦ «የማን መንግሥት ነው? በማን ሥልጣን?»
መልስ አልነበረን።
ባሻ ወደ ቆላው፣ እንግዳወርቅ ወደ መንገድ ሥራ፤
አስፋቸው ግን በዚያው ሰሞን ፍርድ ቤት ቀረበ ከምንዳዬ ልጆች ጋራ፦
ስለዚያች ስለ ድንበር ድንጋይ!
እንባው ጺሙን እያራሰው ክሱን አሰማ፣ ሁሉም እያይ።
ዳኛው ደነገጠ፦ «ወንድሜ ስትል አልነበር? ምነው ብትተውላቸው?»
«ምንዳዬ ቢኖር ይሞግተኝ ነበር» አለ፤ «ብተው ይንቀኛል፣ ጌታው።»

ማኅተሙ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው፤ ጠርዙን ብል ነክቶታል።
ቢያትሙበት አይነበብም፣ ያው ወደ ኋላ ይላል።
እንጨቱን ራሱን፣ በመዳፍ ይዞ፣ ወደ ብርሃን ላዞረው ሰው ግን፣
ቀጥ ብሎ ይነበባል።