ሪዝ ያወጣች ጀልባ

ኤልዛቤት ሲቲ ላይ፣ ከወንዙ ዳርቻ፣
ጀልባ ተቀምጧል በብረት እግር ብቻ፤
ከውሃ የወጣ ነገር ያሳፍራል መሰል፣
ሆዱን አጋልጦ ቆሟል ሳይከለል።

ውሃችን ጠይም ነው፤ ቆሻሻ ግን አይደል፤
ከረግረጉ ሲነሳ ጥድ ሥር ለሥር ሲውል፣
ቅጠል ሲዘፈዝፍ፣ ቅርፊት ሲያብላላ፣
እኛ ዘንድ ይደርሳል መስሎ ጉሽ ጠላ።
ከዚያ የተጎነጨ ጀልባ ያስታውቃል፤
ካፍንጫው ሥር ቡናማ ሪዝ ያበቅላል።

የሆሎዌል ጀልባ ግን ሪዟ እስከ ጆሮዋ፤
"ስንት ቀን ይፈጃል?" አለኝ በዙሪያዋ
እየተንጎራደደ። "እንደጠጣችው ነው" አልኩት።
ሳቀ። ዓይኑን ግን ከኋላዋ አየሁት።

ላለፉት ስድስት ዓመታት ከእድፍ ጋር ነው የኖርኩት፤
ጠባዩን ካወቅሁት ወዲያ በስሙ ነው የጠራሁት።
የበልግ ቅጠል ይተዋል መልኩን እንደ ማኅተም፤
እንጆሪ የበላ ወፍ ሐምራዊ ያትም፤
የናፍጣ ጥቀርሻስ በሳሙና ይለቃል፤
የሸረሪት ኩስ ነው ያስለቀሰኝ፣ ያ ይጠልቃል።

ሪዙስ ቀላል ነበር፤
ጓንት፣ መነጽር፣ ኦክሳሊክ አሲድ፣ ነጭ ዱቄት፣
በውሃ በጥብጦ እንደ አጥሚት ማወፈር፣ መቀባት፤
ሩብ ሰዓት መታገሥ፣ እንዳይደርቅ መጠበቅ፣
እጅሽን ቢበላሽም ከመፈተግ መራቅ።
ላማር ነው ያስተማረኝ፣ የግቢው አለቃ፦
"አሲዱ ይሥራበት፤ አንቺ ውሃ ይዘሽ ጠብቂ በቃ።"

ውሃ ለቀቅሁበት። ሪዙ ተላጨ።
ከመደገፊያው ብረት እንደ እንባ የተረጨ
ዝገትም ተከትሎት ወረደ ወደ ጠጠሩ።
ቀረኝ የኋላው ገጽ፤ እዚያ ነው ነገሩ።

ዳርሊን ይላል ስሙ፣ በሰማያዊ ተለጥፎ፤
ጀልባዋን የገዛት ከማያውቀው ሰው ነው።
ቨርና፣ ሚስቱ፣ ምላለች፦ "የሌላ ሴት ስም ተጽፎ
ከኋላዬ ሲንሳፈፍ
ዓሣ አይስቅብኝም፤ ይውጣልኝ ተገፎ!"

በሙቅ አየር አለዘብኩ፤ በፕላስቲክ መፋቂያ
ፊደል ፊደሉን አነሳሁ፣ ሙጫውን በማስለቀቂያ።
ጸዳ ብዬ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩና
ቀና ስል፣ ዳርሊን እዚያው ናት፤ ቆማለች እንደገና።
ሙጫ የላት፣ ቀለም የላት፣
ጥፍር እንኳ የሚይዝባት ጠርዝ የላት።

አሲድ ቀባሁባት። ዝም።
ኮምጣጤ ሞከርኩ። ዝም።
ሁለት ሺህ ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አርሼ፣ ክንዴ እስኪዝል ፈተግሁ፤
ማሽኑን አስነሳሁ፣ ቅባቱን አዞርኩ፣ ረገምሁ፤
ደመቀች እንጂ የት ሄዳ!
ያቺ የሰው ሚስት፣ ያቺ ባዳ።

ላማር መጣ፤ ተንበረከከ በጉልበቱ።
"ተዪው" አለ፣ "ጄልኮት ጥፍር ነው ውፍረቱ፤
ከዚህ ካለፍሽ ፋይበር ግላስ ነው፣ አጥንቱ።"
"እድፉ አልወጣም" አልኩት።
"የቱ ነው እድፉ?" አለኝ። መልስ አጣሁለት።
"ሃያ በጋ ፀሐይ የላሰው ዙሪያውን ነው፤
ከፊደሉ ሥር ያለው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።
ስትፈትጊ የዋልሽው፣ እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ንጹሑን ነው።"

ማምሻውን ባልና ሚስት መጡ። ጀምበር ዘቅዝቃ
ፊደሎቹን አንድ ባንድ አወጣቻቸው አድምቃ።
ሆሎዌል ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀ፤
እኔም ክፍያዬን ሳስብ ልቤ ተጨነቀ።
ቨርና በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ቀስ ብላ።
"ማን ነበረች?"
ማን ያውቃል? የሽያጩ ወረቀት ላይ
አንድ ስልክ ቁጥር አለ፣ የማይነሳ።
"ይሄን ሁሉ ዓመት" አለች "ለዚህ ነጭ ሆናው ጥላ!
ቀድማኝ ተሳፍራለች፤ ወንበሯን አልቀማም።
እኔን ግን ከሷ ከፍ አድርጊኝ፣ በትልቁ፤ አልስማማም
በሌላ።"

ሰም ቀባሁ፤ ጻፍኩላት።
ሚያዝያ ላይ ክሬኑ በሁለት ቀበቶ አውርዶ ሲለቃት፣
ያ ሁሉ ድካሜ፣ ያ ሁሉ ፍተጋ፣ አፍንጫዋን ደፍታ
ጎንጨት አለች ከጠይሙ፣ ሳትጠብቅ ላንድ አፍታ።