ድሩ የት ላይ ተበጠሰ?

ሃያ ስድስት ዓመት ብርድ ልብስ ሸምኜ፣
ደብረ ብርሃን ላይ ጡረተኛ ሆኜ፣
ጓዳዬን ጠረግሁ፣ ገመድ አሰርኩበት፣
አራት ላስቲክ ጭድ አንጠለጠልኩበት።

አቶ ድንበሩ ናቸው በአጥር አጮልቀው ያዩኝ፣
"ማንያህልሻል፣ ደግሞ ምን ጀመርሽ?" ያሉኝ።
"እንጉዳይ ነው" ስላቸው ሳቃቸው ገነፈለ፦
"የጅብ ጥላ በይዋ! ለጅብ ጥላ ካለ፣
በዚህ ብርድ ለኛስ ካፖርት የት አለ?"

ዘሩን የሸጠችኝ ይፍቱስራ ነበረች፣
"በሁለት ሳምንት ጭዱ ነጭ ይለብሳል" አለች።
ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሦስትም ሆነ፣ ቆየ፤
ጭድ ጭድ ሆኖ ቀረ፤ ዓይኔ ምንም አላየ።

የኅዳር ውርጭ ነው፣ ባቄላ የሚያቃጥል፤
ሰው የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ዘር እንዴት ያበቅል?
ከሣጥን አወጣሁ አንድ ግራጫ ብርድ ልብስ፣
በውድቅ የሰጡኝ፣ ጠርዙ የሚበጠስ፤
አራቱን ላስቲኮች እንደ ሕፃን ጠቀለልኩ፣
እየዳሰስኩ ማታ "ሞቃችሁ ወይ?" አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከሦስተኛው ላስቲክ ጎን፣
አየሁ አንዲት ነጭ ክር፣ የምታህል ፀጉርን።

እኔ ክር አውቃለሁ።

በሩ አጠገብ ያለው እንደ ሰኔ መስክ ለመለመ፤
እኔማ እልል አልኩ። የይፍቱስራ ፊት ግን ጨለመ።
"ይሄ ሻጋታ ነው፣ አረንጓዴው ጠላት፤
አውጪው አሁኑኑ፣ ሌላውን ሳይነካ በሽታው ሳይገባበት።
ጭዱን ስትቀቅዪው ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?
እጅሽን ታጥበሽ ነበር? በሩ ተዘግቷል? ማን ነበር አብሮሽ?"

ተናዘዝኩ እንግዲህ፣ እንደ ንስሐ ልጅ፦
ከጠባሴ የገዛሁት ጭድ በደንብ ሳይፈላ አወጣሁት በእጅ፤
ከሰሉ ሊያልቅ ነበር፤ ይበቃዋል አልኩ፤
በርበሬ በቀነጠስኩበት እጄ ዘሩን በተንኩ።

ፋብሪካ ውስጥ እኮ ክር ሲበጠስ
ማሽኑን መምታት የለም፤ ማልቀስም፣ መክሰስ።
መጀመሪያ ማቆም፤ ቀጥሎ ወደ ኋላ መሄድ፣
በጣት እየዳሰሱ፣ ድር በድር፣ ክንድ በክንድ።
የተበጠሰበት ቦታ ሁልጊዜ ከሚታየው ጉድለት
ቀደም ይላል፤ አንድ ስንዝር፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቸልተኝነት።

አረንጓዴውን ቀበርኩት፣ ከጎመኑ ራቅ አድርጌ።

ሁለተኛው ደግሞ ከሥሩ ውሃ አቆረ፣
እንደ ሰነበተ አተላ ኮምጥጦ ቀረ።
ጭዱ በጭብጥ ሲጨመቅ ሁለት ጠብታ ነው ልኩ፤
የኔ እንደ ታጠበ ጋቢ ሲያንጠባጥብ እያየሁ ዝም አልኩ።

ሦስተኛው አበበ። ግን አንገቱ ብቻ ረዘመ፣
ቆቡ የሸሚዝ ቁልፍ አህሎ ቆመ።
እንደ ሰመጠ ሰው ወደ ላይ የሚንጠራራ፣
አየር የሚለምን፣ ከብርድ ልብሴ ሥር እየተጣራ።
ለካ ያዳነው ብርድ ልብስ ነው ያፈነው።
ገፈፍኩት። ቀን ቀን መስኮት ከፈትኩ፣ ነፋስ እንዲያገኘው፤
ግድግዳውን ውሃ ረጨሁ ጠዋትና ማታ፣
እሱን ሳይሆን አየሩን፣ በቀስታ።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ ጾሙ ሳይፈታ አንድ ሰሃን ለቀምኩ፤
ግማሹ ጠማማ ነው፣ አልዋሽም፤ በሽንኩርት ጠበስኩ።
አቶ ድንበሩ ቀመሱ። አልሳቁም። ዝም ብለው
ደገሙ። ከዚያ "ሥጋ ነው እንዴ?" አሉ ደንግጠው።

አራተኛው ላስቲክ ነጭ ለብሶ ተቀምጧል፤
አይሞትም፣ አያብብም፤ እንደ ኮረፈ እንግዳ ጥግ ይዟል።
ይፍቱስራም አላወቀች፤ እኔም ገና አላወቅሁም፤
ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው። ድሩን አልለቀቅሁም።