የበንቲ ካሶኒ

በንቲ መጣ ማለዳ፣ አይሱዙውን በሻሲ ብቻ እየነዳ፣
ከኋላው ምንም የሌለው፣ አጥንቱ የወጣ እንግዳ።
«ብረቱ በላኝ» አለኝ፤ «ፀሐይ ይዞ ያበስላል፣
የመቂ ቲማቲሜ ሚኤሶ ሳይደርስ ይፈሳል።
እንጨት ሥራልኝ፣ የሚተነፍስ፣ የሚያስተነፍስ፣
ሌት ደግሞ ሸራው ሥር እኔንም የሚያንተርስ።»

እኔ ሙያዬ አልጋ ነው።
አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ አንዳንዴም በር፤
መንገድ የሚሄድ ነገር
ሠርቼ አላውቅም ነበር።

ሽኩር ሜትሩን ይዞ «አራት ከሃያ!» ይላል፣
የአዳማ ነፋስ ቁጥሩን ነጥቆ ወደ ወንጂ ይከንፋል።
ደግመን ለካን።

ስድስት ሞራሌ አጋደምን፣ ከሥሩ ጎማ ቆርጠን ጎዘጎዝን፣
ብረትና እንጨት ሳይጣሉ ከወዲሁ አስታረቅን።
በየሳንቃው መሀል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ተውኩ፤
አንዷን ግን፣ ሰፋ ያለችውን፣ ቡሎኗን ወደ ውስጥ ቀበርኩ፣
ፒያላ ሦስቴ መላልሼ፣
በመዳፌ ዳብሼ፣
«እስቲ ተኛባት» አልኩት፣ ጀርባ ትወጋ እንደሆን።
ጫማውን አውልቆ ሰጋቱራው ላይ ተጋደመ፣
ሰማዩን አየት አደረገ፣
መልስ ሳይሰጠኝ
አንኮራፋ።

የኋላው ስፖንዳ ሲቀር እንጨት አለቀብኝ።
ጥግ ላይ ያ አልጋ ቆሟል።

ስምንት ዓመቱ ነው። ደሱ የሚባል ጫኝ፣ ለሠርጉ ያዘዘው፤
ግማሹን ቀብድ ከፍሎ፣
«ራስጌው ላይ አበባ ይኑረው» ብሎ፣
ለፋሲካ እወስደዋለሁ እንዳለ አልተመለሰም።
ሠርጉ ፈረሰ? እሱ ፈረሰ? የጠየቅኩት ሁሉ አያውቅም።
አልሸጥኩትም። ቀብድ የተበላበት ዕቃ
የጠፋ ሰው ዐይን አለበት፣ ሌት ተቀን የነቃ።

መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በእጅ መጋዝ ገባሁበት።
ዋንዛው ትናንት እንደ ተቆረጠ ሸተተ።
ሽኩር፣ አፉ የማያርፍ ልጅ፣
ዝም ብሎ ጫፉን ያዘልኝ።
አበባውን ወደ ውስጥ አዞርኩት፣ መንገደኛ እንዳያየው፤
ቲማቲም ይየው።

በንቲ ከፈለ፣ ቆጥሮ። ሁለት መቶ ብር ጎደለ።
«ስመለስ» አለ።
ያንን ቃል አውቀዋለሁ።
ሞተሩ ሲነሣ አዲሱ እንጨት ሁሉ ባንድነት ጮኸ፣
አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ግን ዝም አለ፤
ተላመደ መሰለኝ፣
ወይም ራቀ።

ማታ ደብተሬን ገለጥኩ፣ ደሱ ያለበትን ገጽ፤
ከቀብዱ ሥር ጻፍኩ፦
«ራስጌ፣ ዋንዛ፣ ባለ አበባ፣
ለሚኤሶ መንገድ በውሰት ወጣ።
ባለቤቱ ከመጣ
ሌላ እሠራለሁ፣ ያለ ዋጋ።»
እርሳሱን ጆሮዬ ላይ መለስኩና
ራስጌ አልባውን አልጋ ከግድግዳው አስጠጋሁት፣
እንዳይወድቅ።